አናፎራን ከኤፒስትሮፊ ለምታደባልቁ

የእንግሊዝኛ የሥነ ጽሑፍና የንግግር ጥበብ ስያሜዎችን ከነትርጉማቸው ብትሸመድዱ ፈተና ላይ ይጠፉባችኋል። አንድ ተራ ጉዳይ ምረጡና ለእያንዳንዱ ስያሜ ስለዚያው ጉዳይ የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር ሥሩ። የእኔ ጉዳይ የጠዋት እንቅልፍ ነው።

አናፎራ፦ «እንቅልፍ ጠራኝ፣ እንቅልፍ ጎተተኝ፣ እንቅልፍ አሸነፈኝ።» ድግግሞሹ መነሻው ላይ ነው። ኤፒስትሮፊ፦ «ደወሉ ቢጮኽ ተኛሁ፣ እናቴ ብትጣራ ተኛሁ፣ ፀሐይ ብትወጣ ተኛሁ።» እዚህ መጨረሻው ላይ። ሃይፐርቦሊ፦ «አንድ ክፍለ ዘመን ተኛሁ።» ይህ ማጋነን ነው። ሜቶኒሚ ደግሞ «አልጋው አሸነፈኝ»፤ አልጋው እንቅልፍን ተክቶ ገባ።

ጉዳዩ ስለማይቀየር ዓይናችሁ የሚያርፈው በተለወጠው ነገር ላይ ብቻ ነው። ስያሜው የሚገልጸው እሱን ነው። የማጥኛ ካርድ ከሠራችሁ ፊቱ ላይ ዓረፍተ ነገሩን፣ ጀርባው ላይ ስያሜውን ጻፉ፤ ፈተና ላይ የሚመጣላችሁ ጽሑፉ ነውና። ከስሙ ሥር «ምን ስሜት ፈጠረ?» የሚለውንም በአንድ መስመር ጨምሩ። ስም መጥራት ብቻውን ብዙ ነጥብ አያስገኝም።

ለአያምቢክ ፔንታሜትር (በየመስመሩ አምስት የላላ-ጠበቅ ጥንድ ላለው የእንግሊዝኛ ግጥም ምት) ግን ይህን በአማርኛ አትሞክሩት። እሱ የቆመው በእንግሊዝኛ ቃላት ጠበቅና ላላ ባለ የድምፅ ጫና ላይ ስለሆነ፣ በእንግሊዝኛ ጮክ ብላችሁ ጠረጴዛ እየመታችሁ አንብቡት።