ድራይቨሩ ሲነቀል ከርነሉ ለምን ይወድቃል? የሊኑክስ ድራይቨር ኮድ ሲገመገም የሚገኙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ቼክፓች (የኮድ አጻጻፍ ፈታሹ) አልፏል፣ ስፓርስም (ኮዱን ሳያስኬድ ስህተት የሚፈልገው) ዝም ብሏል፣ ኮዱ ያለ ዋርኒንግ ኮምፓይል ሆኗል ብዬ ነው የምነሳው። ይህን ሳያደርግ ፓች (የኮድ ለውጥ) የሚልክ ሰው የሌላውን ሰው ጊዜ ነው የሚበላው። እዚህ የማወራው ከዚያ በኋላ ስለሚቀሩት ስህተቶች ነው። ኮዱ ሲያዩት ንጹህ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፣ ሜዳ ሲወጣ ግን ጉድ ይፈላል።

ምልክት፦ መተኛት በማይፈቀድበት ቦታ የሚተኛ ፈንክሽን ተጠራ የሚል ጩኸት ሎጉ ላይ

መንስኤው ስፒንሎክ (ይዞ መተኛት የማይፈቀድ ቁልፍ) ይዞ ወይም ኢንተራፕት ሃንድለር (ቺፑ ሲፒዩውን ሲጠራ የሚነሳው ፈንክሽን) ውስጥ ሆኖ የሚያስጠብቅ፣ ማለትም የሚተኛ፣ ነገር መጥራት ነው። ሚውቴክስ (እየተኙ የሚጠብቁት ቁልፍ)፣ ጂኤፍፒ ከርነል (እየጠበቀ ሜሞሪ የሚጠይቅ)፣ የአይቱሲ (ዝግተኛ የቺፖች መገናኛ መስመር) ንባብ። ቺፑ አይቱሲ ላይ ከሆነ ሥራውን መተኛት ወደሚችለው ትሬድድ ሃንድለር አውርዱት። ይህ ነገር ከ2.6.30 ከርነል፣ ከ2009 ጀምሮ አለ፤ ዛሬም የማያውቀው ሰው መኖሩ ይገርመኛል። ጂኤፍፒ ከርነልን በጂኤፍፒ አቶሚክ (ሳይጠብቅ በሚጠይቀው) ተክቶ "ተስተካክሏል" የሚል ፓች ሲመጣ እመልሰዋለሁ። አቶሚኩ ሜሞሪ ሲጠብ ቶሎ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ባዶ መመለሱን ደግሞ ያው ጸሐፊ አያየውም።

ጩኸቱን ጨርሶ ካላያችሁት ዲበግ አቶሚክ ስሊፕ የሚባለው የከርነል መፈተሻ አማራጭ መብራቱን አረጋግጡ። ካልበራ ኮዱ ደህና ስለሆነ ሳይሆን የሚጮህ ስለሌለ ነው።

ምልክት፦ "የሚቀበለው የለም" ተብሎ የኢንተራፕት መስመሩ ይዘጋል

ከ100,000 ኢንተራፕቶች ከ99,900 በላይ የሚሆኑት ባለቤት ካጡ ከርነሉ መስመሩን ይዘጋዋል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው መስመሩን የሚጋራ ሌላ ቺፕ ነው። ቡትሎደሩ (ከርነሉን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ኢንተራፕቱን ክፍት ትቶታል፣ የራሱ ድራይቨር ገና አልተጫነም፣ የእናንተው ድራይቨር ቀድሞ መስመሩን ከፈተ። ቡትሎደሩ ላይ ዝም አሰኙት። በራሳችሁ ፕሮብ (መሣሪያው ሲገኝ ድራይቨሩን የሚያስጀምረው ፈንክሽን) ደግሞ መጀመሪያ ቺፑን ሪሴት አድርጉ፣ ኢንተራፕቱን አፍኑ፣ ከዚያ ብቻ መስመሩን ጠይቁ።

ምልክት፦ መጀመሪያ ይጫናል፣ ሁለተኛ ሲጫን "ባዚ" (ተይዟል) ይላል

ፕሮብ መሃል ላይ ሲሰናከል የያዘውን አልለቀቀም። የጎቱ ሌብሎቹን (ስህተት ሲመጣ የተያዘውን ወደሚለቀው ኮድ መዝለያዎቹን) ከታች ወደ ላይ ቁጠሩ፣ አንዱ ጎድሏል።

ምልክት፦ ዲኤምኤ (መሣሪያው በሲፒዩው ሳያልፍ ሜሞሪ የሚያነብበትና የሚጽፍበት መንገድ) ቆሻሻ ዳታ ያመጣል፣ ያውም አልፎ አልፎ

በፈንክሽኑ ስታክ ላይ የተቀመጠ በፈር ለዲኤምኤ ተሰጥቷል። ከ4.9 ከርነል ወዲህ በ64 ቢት ኤክስ86 ላይ ስታኩ በቨርቹዋል ሜሞሪ ሊዘረጋ ስለሚችል ይህ ልማድ ያኔ ብዙ አሮጌ የዩኤስቢ ድራይቨሮችን አጋልጧል። በፈሩን በኬማሎክ (በከርነሉ የሜሞሪ መጠየቂያ) ያዙ። ስትራክቸር መሃል ከሌላ ፊልድ ጋር አንድ ካሽ ላይን (ሲፒዩው በአንዴ የሚያነሳው የሜሞሪ ቁራጭ) ላይ አታጣብቁት። ዲኤምኤ ኤፒአይ ዲበግን አብሩት፤ ብዙውን ራሱ ይነግራችኋል።

ምልክት፦ ሞጁሉ ሲነቀል፣ ወይም መሣሪያው ሲነጠል፣ ከርነሉ ይወድቃል ወይም ቦርዱ ድርቅ ይላል

ዋናው ይኸ ነው። አዲስ ድራይቨር ሲመጣልኝ ሪሙቭ ፈንክሽኑን (ድራይቨሩ ሲነቀል የሚጠራውን) ሳላይ ሌላውን አላነብም፤ ምክንያቱም በጣም የሚደጋገመው ጥፋት እዚያ ነው።

አንድ የተለመደ ሪሙቭ እንይ። ሦስት መስመር ነው። የመጀመሪያው ወርኩን (በኋላ እንዲሠራ ወረፋ የተያዘለትን ሥራ) ይሰርዛል። ሁለተኛው ክሎኩን (ቺፑን የሚያንቀሳቅሰውን ምት) ያጠፋል። ሦስተኛው ይመለሳል። ኢንተራፕቱስ? "እሱ በዴቭኤም (የተያዘውን በራሱ በሚለቀው የከርነል ዘዴ) ስለተጠየቀ ከርነሉ ራሱ ይለቀዋል" ይላል ጸሐፊው። እውነቱን ነው፣ ይለቀዋል። ጥያቄው መቼ ነው የሚለው ነው።

ዴቭኤም በ2007፣ ከ2.6.21 ከርነል ጋር ነው የመጣው። በእሱ የተያዘ ነገር ሁሉ በተያዘበት ቅደም ተከተል ተገልብጦ ይለቀቃል። ግን የሚለቀቀው ሪሙቭ ጨርሶ ከተመለሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ከላይ ባለው ኮድ ውስጥ ወርኩ ተሰርዞ፣ ክሎኩ ጠፍቶ፣ ኢንተራፕቱ ገና በሕይወት ያለበት ክፍተት አለ። በዚያች ክፍተት ቺፑ አንዴ ቢጮህ ሃንድለሩ ይነሳል። ክሎኩ የጠፋ ሬጅስተር ያነባል። የተሰረዘውን ወርክ እንደገና ወረፋ ያስይዛል። ያ ወርክ ሲደርሰው ሜሞሪው ተለቋል። ከጣሪያ ሳይወርዱ መሰላሉን እንደማንሳት ነው።

ይህ እንዴት እንደሚያሰቃይ ልንገራችሁ። አንድ የአርም ቦርድ ነበር፣ ሴንሰር የሚያነብ። ድራይቨሩ ሲነቀል አልፎ አልፎ ቦርዱ ድርቅ ይላል። ኡፕስ (የከርነሉ የስህተት ሪፖርት) የለም፣ ሲሪያሉ ላይ አንዲት ፊደል የለም። ልጆቹ መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን ቀየሩ። ቀጥለው ቦርዱን ቀየሩ። ከዚያ ጥፋቱን ሜሞሪ ቺፑ ላይ ጣሉት። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ብዙ የአርም ቺፖች ላይ ክሎኩ የጠፋን ብሎክ ማንበብ ባሱን ያንቀዋል፤ ሲፒዩው መልስ እየጠበቀ ይቀራል። ሎግ የሚጽፍ ማን ተርፎ! አንድ መስመር ቦታ ሲቀየር ችግሩ ጠፋ።

ሌላው ደግሞ ላፕቶፕ ላይ የተፈተነ ድራይቨር ነው። ራሱን በየሰከንዱ የሚያስነሳ ወርክ አለው። ሪሙቩ የሚሰርዘው በሲንክ ሳይሆን በተራው ፈንክሽን ነው። ተራው ከወረፋ ያወጣል እንጂ እየሄደ ያለውን አይጠብቅም። ላኪው ደጋግሞ ነቅሎ ተክሎ ምንም አላየም። አያይማ! የተለቀቀው ሜሞሪ ሌላ ሰው እስኪወስደው ድረስ አሮጌው ዳታ እዚያው ተቀምጧል፣ ኮዱም እሱን ረግጦ ያልፋል። ካሳን (የሜሞሪ ስህተት የሚይዘውን የከርነል መፈተሻ) አብርቼ ስነቅለው ወዲያው ጮኸ። ካሳን ከ4.0 ከርነል፣ ከ2015 ጀምሮ አለ። አለማብራት ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

መፍትሄው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ድራይቨሩን ከተጠቃሚው ቁረጡ፣ አዲስ ጥያቄ እንዳይገባ። ቀጥሎ ቺፑ ላይ ኢንተራፕቱን አፍኑ። ከዚያ ኢንተራፕቱን ልቀቁ። ወርኩን በሲንክ ሰርዙ፤ ኢንተራፕቱ ሳይለቀቅ ወርኩን መሰረዝ ከንቱ ነው፣ ሃንድለሩ መልሶ ያስነሳዋል። ክሎኩና ሬጉሌተሩ መጨረሻ።

ዴቭኤም መጠቀም ከፈለጋችሁ ሁሉንም በዴቭኤም አድርጉት። ክሎኩን ማጥፋት፣ ወርኩን መሰረዝ፣ ሁሉንም በአድ አክሽን ኦር ሪሴት (የመልቀቂያ ፈንክሽን በዴቭኤም መመዝገቢያ) አስመዝግቡት። ያኔም ምዝገባው ኢንተራፕቱ ከመጠየቁ በፊት ይሁን፤ ሲገለበጥ ኢንተራፕቱ ቀድሞ እንዲሄድ። ግማሹን በእጅ፣ ግማሹን በዴቭኤም ያደረገ ድራይቨር ካያችሁ ሌላውን ሳታነቡ ጥያቄ ጻፉ። አጥብቄ የምለው ይህን ነው።

እኔ የማደርገው ይኸውላችሁ። ፕሮብ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን "ያዝ" ወረቀት ላይ ወደ ታች እጽፋለሁ። አጠገቡ የሚለቀቅበትን ቦታ፤ በእጅ ከሆነ "እ"፣ በዴቭኤም ከሆነ "ዴ"። "እ"ዎቹ በሙሉ ከ"ዴ"ዎቹ በፊት እንደሚሄዱ እያሰብኩ ከታች ወደ ላይ አነባለሁ። የተጣረሰው ወዲያው ይታያል።

ታይመር ወርክን፣ ወርክ ታይመርን የሚያስነሳበት ድራይቨርም ይመጣል። አንዱን ስትሰርዙ ሌላው ይመልሰዋል። ከ6.2 ከርነል ወዲህ ታይመር ሻትዳውን ሲንክ አለ፤ ታይመሩ ዳግም እንዳይነሳ ያደርገዋል። እሱን ተጠቀሙ።

"ሞጁሉን ማን ይነቅለዋል?" የሚል መልስ ይመጣላችኋል። አትቀበሉት። ዩኤስቢ ይነቀላል። ሲስኤፍኤስ (ከርነሉ መሣሪያዎችን በፋይል መልክ የሚያሳይበት ቦታ) ውስጥ ድራይቨሩን ከመሣሪያው የሚያላቅቅ አንባይንድ የሚባል ፋይል አለ። ፕሮብ መሃል ላይ ሲሰናከልም ዴቭኤም ያው በተገላቢጦሽ ይለቃል፤ ስለዚህ ያው ክፍተት ሞጁሉ ሳይነቀልም ይከፈታል።

ለመፈተሽ ዲበግ ሻርድ አይአርኪውን አብሩ። የጋራ ኢንተራፕት ሲለቀቅ ከርነሉ ሆን ብሎ ሃንድለሩን አንዴ ይጠራዋል፤ ክሎኩ ቀድሞ ጠፍቶ ከሆነ እዚያው ትይዙታላችሁ። ዲበግ ቴስት ድራይቨር ሪሙቭ ደግሞ ፕሮብ፣ ሪሙቭ፣ መልሶ ፕሮብ ያስደርጋል። ይህን በሥራ ላይ ባለ ማሽን አታብሩ። አንባይንድና ባይንዱን (መልሶ ማገናኛውን) በሉፕ ስታስኬዱ መሣሪያው ሥራ ላይ ይሁን፤ ዝም ያለ ቺፕ ላይ መፈተን ዋጋ የለውም።

አንድ የማስጠንቀቂያ ቃል፦ ሌላ ፕሮሰስ የዴቭ ፋይሉን (ፕሮግራሞች መሣሪያውን የሚያገኙበትን) ከፍቶ እያለ መሣሪያው ቢነጠል፣ በዴቭኤም የተያዘው ስትራክቸር ይለቀቃል፣ ፋይሉ ግን ክፍት ነው። ቀጣዩ ሪድ የተለቀቀ ሜሞሪ ይረግጣል። እዚህ ላይ ዴቭኤም አያዋጣም። ስትራክቸሩን በሪፈረንስ ቆጠራ ያዙት፣ የመጨረሻው ፋይል ሲዘጋ ይለቀቅ።

የቀሩት፣ በአጭሩ

ሬጅስተሩ "ዝግጁ" እስኪል የሚዞር ሉፕ የጊዜ ገደብ ከሌለው መልሱት። የፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርድ ከተነጠለ ንባቡ ሁሉ ቢት 1 ሆኖ ይመጣል፤ ቢቱ 0 እስኪሆን የሚጠብቅ ሉፕ አይወጣም።

የኢንተራፕት ቁጥር ሳይን በሌለው (ኔጌቲቭ መያዝ በማይችል) ቫሪያብል ከተያዘ የኔጌቲቭ ስህተት ቼኩ አይሠራም።

ሪድኤል (ሬጅስተር የሚያነበው ፈንክሽን) የባይቶቹን ቅደም ተከተል ራሱ ያስተካክላል። ላዩ ላይ ሌላ መገልበጫ የደረበ ድራይቨር ቢግ ኤንዲያን (ትልቁን ባይት አስቀድሞ የሚያስቀምጥ) ማሽን ላይ ብቻ ይሳሳታል።