ለሕክምና ሚሽን ወደ ውጭ ከመሄዳችሁ በፊት

ቤተ ክርስቲያናችሁ የሕክምና ቡድን ወደ ደቡብ ሱዳን ልትልክ ነው እንበል። ከቦሌ ጁባ በረራው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ቅርብ ስለሆነ ዝግጅቱም ቀላል ይመስላል። አይደለም። ቢያንስ ሦስት ወር ያስፈልገዋል።

መጀመሪያ ተቀባዮቻችሁን ጠይቁ። መድኃኒት ማሰባሰብ ሳትጀምሩ ለክሊኒኩ ጻፉ። የትኛው በሽታ ይበዛል? ምን ይጎድላችኋል? እኛ ስንመለስ ታካሚውን ማን ይከታተላል? ይህችን የመጨረሻዋን በመጀመሪያ ጉዞዬ አልጠየቅኩም። ደም ግፊት ላለባቸው እናቶች የአንድ ወር ክኒን ሰጠን። አንዲት እናት ክኒኑን ገልበጥ አድርገው አዩና በአስተርጓሚ "ሲያልቅስ?" አሉን። ክሊኒኩ ያንን መድኃኒት አልነበረውም። እኛም መልስ አልነበረንም። እስካሁን ይከነክነኛል። ስለዚህ በየቀኑ ለዓመታት የሚወሰድ መድኃኒት የምታስጀምሩት እዚያ ያሉት ሊቀጥሉት ከቻሉ ብቻ ይሁን።

ቀጥሎ ወረቀት። ፓስፖርታችሁ ቢያንስ ስድስት ወር ይቅረው። ካልቀረው ዛሬውኑ ማሳደስ ጀምሩ። ዲግሪያችሁንና የሙያ ፈቃዳችሁን ለአስተናጋጆቻችሁ ላኩና እዚያ አገር ለማከም ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አጣሩ። "ለጌታ ሥራ ነው የመጣሁት" ማለት ፈቃድ አይሆንም።

የራሳችሁን ጤና ለመጨረሻ ሳምንት አታቆዩት። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የክትባቱ ካርድ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ የድሮው ካላችሁ ፈልጉት። የሄፓታይተስ ቢ (በደም የሚተላለፍ የጉበት በሽታ) ክትባት ግን ሦስት ዙር ነው፤ በተለመደው መርሐ ግብር ስድስት ወር ይወስዳል። መርፌ የሚነካ ሰው ሁሉ ቀድሞ ይጀምረው።

ወባን አትናቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ጁባ 550 ገደማ። ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ ያደገ ሰው ሰውነቱ ወባን አያውቃትም። ሐኪም አማክራችሁ መከላከያ ውሰዱ። ዶክሲሳይክሊን ከታዘዘላችሁ ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ይጀመራል፤ ከተመለሳችሁ በኋላም አራት ሳምንት ይቀጥላል። አጎበርም ያዙ።

ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። ከየቤቱ የተራረፈ ክኒን አትሰብስቡ። በልግስና ለሚሰጥ መድኃኒት የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ አለው፤ ሲደርስ የአገልግሎት ጊዜው ቢያንስ አንድ ዓመት ይቅረው ይላል። በራሱ ማሸጊያ ይሁን፣ ዝርዝሩም አብሮት ይሂድ። ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ያለ ሁለቱ አገሮች ፈቃድ ድንበር አታሻግሩ። ታካሚ በተወጋበት መርፌ በስህተት መወጋትም ስለሚያጋጥም የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት የት እንደሚገኝ ከወዲሁ እወቁ። በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ ከሆነ ደግሞ ይመረጣል፤ ከዚያ 28 ቀን ይወሰዳል።

ቋንቋም ዝግጅት ነው። ጁባ ውስጥ የጁባ ዓረብኛ በሰፊው ይነገራል። እዚሁ ከተማችን የሚኖሩ ደቡብ ሱዳናውያን አሉ። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ ተማሪ ጋር ቡና እየጠጣን "የት ያምሃል?" ማለትን ተማርን። ስለ አገሩ የነገረን ደግሞ ከቃላቱ በላይ ጠቀመን።

ጸሎቱንም አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ለፈለገ ይጸለይለት፣ አስቀድሞ ግን ይጠየቅ። ጸሎት ላልፈለገውም ሕክምናው ያው ነው። ወረፋ የያዘ በሽተኛ መድኃኒቱን ለማግኘት ስብከት መስማት ያለበት ከመሰለው ነጻ ምርጫ አልሰጠነውም። ፎቶም ያለ ፈቃዱ አይነሣ።

ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ቢይዛችሁ፣ ወር ቢያልፍም እንኳ፣ "ታይፎይድ ይሆናል" ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ካርድ ስታወጡ ጀምሮ ከየት እንደመጣችሁ ተናገሩ፣ የወባ ምርመራም ጠይቁ።