ፖድካስት ሌሊት በራሱ ወርዶ እንዲያድር እንዴት ይደረጋል?

አዲስ የፖድካስት ክፍል ወጥቶ እንደሆነ እየከፈቱ ማየትና አንድ በአንድ ማውረድ ኮምፒውተር ሊሠራልን የሚችለው ሥራ ነው። ቀን ቀን ኔትወርክ በሚጨናነቅበት ሰፈር ለምትኖሩ ደግሞ ጥቅሙ እጥፍ ነው። ሌሊት ወርዶ ያደረ ፕሮግራም ጠዋት ታክሲ ውስጥ ያለ ምንም ዳታ ይሰማል።

ለዚህ የምንጠቀመው ፖድጌት የሚባል ስክሪፕት፣ ማለትም የተጻፉለትን ትዕዛዞች ተራ በተራ የሚፈጽም ትንሽ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን በሚያንቀሳቅሰው ሊነክስ ላይ ይሠራል። የሚነካ ቁልፍም ሆነ የሚያምር መስኮት የለውም። የምታዙት በሁለት የጽሑፍ ፋይሎች ነው። በአንዱ ላይ የምትከታተሏቸውን ፖድካስቶች ትዘረዝራላችሁ፤ በሌላው ላይ ስንት ይውረድ፣ የት ይቀመጥ፣ መቼ ይጥፋ የሚለውን ትወስናላችሁ። ኮድ መጻፍ አይጠበቅባችሁም።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ አደራ፦ መጀመሪያ ገደቡን አስተካክሉ፣ ፖድካስቶቹን በኋላ ጨምሩ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት የወሩ የኢንተርኔት ጥቅል በአንድ ሌሊት ሊያልቅ ይችላል። ምክንያቱን ከታች አሳያለሁ።

ስክሪፕቱ ምን ያነባል?

እያንዳንዱ ፖድካስት ፊድ አለው። ፊድ ማለት ኢንተርኔት ላይ የተቀመጠ፣ አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር የሚታደስ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። የተጻፈው አርኤስኤስ በሚባለው አሠራር ነው። ለየክፍሉ ርዕስ፣ ቀንና ማብራሪያ ይይዛል፤ ለእኛ ዋናው ግን ኤንክሎዠር የሚባለው መስመር ነው። በእሱ ላይ ሦስት ነገሮች ይሰፍራሉ፦ የድምፅ ፋይሉ አድራሻ፣ መጠኑ በባይት፣ ዓይነቱ። ይህን መስመር አርኤስኤስ ውስጥ ያስገባው አሜሪካዊው የሶፍትዌር ባለሙያ ዴቭ ዋይነር ሲሆን ጊዜው 2000 እ.ኤ.አ. ነበር። ፖድካስት የሚለው ስም ራሱ ጋዜጣ ላይ የታየው ከዚያ በኋላ፣ በየካቲት 2004 እ.ኤ.አ. ነው።

ፖድጌት የሚሠራው ቀላል ነው። ፊዱን ይከፍታል፣ የድምፅ አድራሻዎቹን ይለቅማል፣ ከዚህ በፊት ያወረዳቸውን ከመዘገበበት ፋይል ጋር ያመሳክራል፣ የቀረውን ያወርዳል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። ፊድ የሌለውን ዝግጅት በዚህ መንገድ ማውረድ አይቻልም። ዩቲዩብ ላይ ብቻ የሚወጡ፣ ወይም ከአንድ አፕ ውጭ የማይገኙ ፕሮግራሞች ስማቸው ፖድካስት ቢሆንም ለስክሪፕቱ የሚሰጡት የድምፅ አድራሻ የላቸውም።

መጫን

ከሊነክስ ዓይነቶች ኡቡንቱ፣ ዴቢያን ወይም ሊነክስ ሚንት ካላችሁ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈቱና «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ፖድጌት» ብላችሁ ጻፉ። እዚህ በአማርኛ ፊደል ያስቀመጥኳቸውን ትዕዛዞች ስትጽፉ በእንግሊዝኛ ትናንሽ ፊደላት አድርጉት። የይለፍ ቃል ይጠይቃችኋል፤ ስትጽፉ ምንም አይታይም፣ አትደንግጡ፣ ጨርሳችሁ ኢንተር በሉ።

ዊንዶውስ ለምትጠቀሙ ደብሊው ኤስ ኤል በሚባለው መንገድ ኡቡንቱን ዊንዶውስ ውስጥ መጫን ይቻላል። ከዚያ በኋላ ያለው ተመሳሳይ ነው።

ተጭኖ ሲያልቅ «ፖድጌት» ብላችሁ አንዴ አስነሱት። የሚያስፈልጉትን ፋይሎች ራሱ ይፈጥራል። የናሙና ፖድካስቶች ማውረድ ከጀመረ ኮንትሮልና ሲ አብራችሁ ተጭናችሁ አስቁሙት።

ፋይሎቹ የሚቀመጡት በራሳችሁ ሆም ፎልደር ውስጥ፣ ስሙ በነጥብ በሚጀምር «.ፖድጌት» በሚባል ፎልደር ነው። ሊነክስ ላይ በነጥብ የሚጀምር ስም አይታይም። ፋይል ማኔጀሩን ከፍታችሁ ኮንትሮልና ኤች ስትጫኑ ብቅ ይላል። ውስጡ «ፖድጌትአርሲ» እና «ሰርቨርሊስት» የሚባሉ ሁለት ፋይሎች ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው የማስተካከያው፣ ሁለተኛው የፖድካስቶቹ ዝርዝር ነው። በማንኛውም የጽሑፍ ፕሮግራም ይከፈታሉ።

ገደቡን ማስተካከል

እዚህ ጋ ጊዜ ስጡ። ፖድጌትአርሲን ስትከፍቱ በእንግሊዝኛ ትላልቅ ፊደላት የተጻፉ ስሞች፣ ከጎናቸው የእኩል ምልክትና የተሰጣቸውን ቁጥር ወይም ቃል ታያላችሁ። በ# የሚጀምሩት መስመሮች ማብራሪያ ስለሆኑ ስክሪፕቱ ያልፋቸዋል።

በመጀመሪያ «ሞስት ሪሰንት» የሚለውን ፈልጉ። ከእያንዳንዱ ፊድ ስንት የቅርብ ክፍል ይውረድ የሚለውን ይወስናል። 0 ከሆነ ትርጉሙ «ምንም» ሳይሆን «ሁሉም» ነው። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። በሰከንድ በ128 ኪሎቢት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ድምፅ ወደ 58 ሜጋባይት ይመዝናል። 300 የአንድ ሰዓት ክፍሎችን የዘረዘረ ፊድ ብትጨምሩ በመጀመሪያው ሌሊት ከ17 ጊጋባይት በላይ ይወርዳል ማለት ነው። ያውም ከአንድ ፖድካስት።

ስለዚህ ስንት እናድርገው? ፖድካስቶቻችሁ በሳምንት አንዴ የሚወጡ ከሆነ 1 ወይም 2 ይበቃል። በየቀኑ የሚወጣ ዜና ካለ ግን 1 ማድረግ ያስቆጫል። መብራት ጠፍቶ ወይም ኮምፒውተሩ ሳይከፈት ሁለት ቀን ቢያልፍ የመሐሉ ክፍል ያመልጣችኋል። እኔ ለዕለታዊ ዝግጅት 3ን እመርጣለሁ። የወረደው ተመዝግቦ ስለሚቀር ሦስቱ በየቀኑ ደግመው ይወርዳሉ የሚል ሥጋት አይግባችሁ።

ቀጥሎ «ክሊንአፕ»ን 1 አድርጉት፣ «ክሊንአፕ ዴይስ» የሚለው ላይ ደግሞ የቀን ቁጥር ጻፉ። 14 ብትሉ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየው እየጠፋ ይሄዳል። ስክሪፕቱ ሰማችሁት አልሰማችሁት አያውቅም፤ የሚያየው ዕድሜውን ብቻ ነው። ልታስቀምጡት የምትፈልጉትን ቃለ ምልልስ ወደ ሌላ ፎልደር አውጡት።

«ሚን ስፔስ» የሚለው ዲስኩ እንዳይሞላ ይጠብቃል። ባዶው ቦታ እዚያ ከጻፋችሁት ቁጥር ሲያንስ ማውረድ ይቆማል። ቁጥሩ በኪሎባይት ስለሆነ አንድ ጊጋባይት ትርፍ እንዲኖር ከፈለጋችሁ 1000000 ብላችሁ ጻፉ።

ኢንተርኔቱን ከቤተሰብ ጋር የምትጋሩ ከሆነ ፍጥነቱንም መገደብ ጥሩ ነው። ፖድጌት የሚያወርደው ደብሊውጌት በሚባል ሌላ ፕሮግራም ስለሆነ፣ ለደብሊውጌት በተመደበው መስመር ላይ ሊሚት ሬት የሚለውን አማራጭ መጨመር ይቻላል። በሰከንድ 200 ኪሎባይት ብታደርጉት እንኳ ያ የአንድ ሰዓት ድምፅ አምስት ደቂቃ ገደማ ነው የሚወስደው። ለሌሊት ከበቂ በላይ ነው።

የወረደው የሚከማችበትን ቦታ የሚወስነው «ዲአይአር ላይብረሪ» ነው። ካልነካችሁት ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ «ፖድ» የሚባል ፎልደር ይፈጥራል። ይህ ለብዙ ሰው ይበቃል።

ፖድካስቶቹን መጨመር

አሁን ሰርቨርሊስትን ክፈቱ። ናሙና ሆነው የተቀመጡ ፊዶች ካሉ በየመስመሩ መጀመሪያ # አድርጉባቸውና ዝም ይበሉ። የራሳችሁን አንድ ፖድካስት በአንድ መስመር ትጽፋላችሁ፦ መጀመሪያ የፊዱ አድራሻ፣ ክፍት ቦታ፣ ምድብ፣ ክፍት ቦታ፣ ስም። ምድቡ አንድ ቃል መሆን አለበት፤ ሁለት ቃል ከሆነባችሁ በሰረዝ አያይዙት። ስሙ ግን ክፍት ቦታ ሊኖረው ይችላል። ለምሳሌ ምድቡን «ዜና»፣ ስሙን «የጠዋት ወሬ» ብትሉ ዜና የሚባል ፎልደር፣ በውስጡ የጠዋት ወሬ የሚባል ሌላ ፎልደር ይፈጠራል። ፋይሎቹን በፍላሽ ወደ መኪና የምትወስዱ ከሆነ ግን ስሞቹን በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፉ ይሻላል። የቆየ የመኪና ቴፕ የግዕዝ ፊደል ላያሳይ ይችላል።

የፊድ አድራሻ ማግኘት አንዳንዴ ያደክማል። የዶይቸ ቬለና የአውስትራሊያው ኤስቢኤስ የአማርኛ ክፍሎች ዝግጅቶቻቸውን በፖድካስት ያቀርባሉ። አንዳንድ አዘጋጆች የአርኤስኤስ ምልክት ወይም ማያያዣ ገጻቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ካጣችሁት አንድሮይድ ስልካችሁ ላይ አንቴናፖድ የሚባለውን ነፃ አፕ ጫኑ። እዚያ ፖድካስቱን በስሙ ፈልጋችሁ ስታገኙት መረጃው ላይ የፊዱ አድራሻ አለ፤ ኮፒ ማድረግ ብቻ ነው።

እንዲያውም ብዙ ፖድካስት ስልካችሁ ላይ ካለ አንድ በአንድ አትልፉ። አንቴናፖድ ዝርዝሩን በሙሉ ኦፒኤምኤል በሚባል አንድ ፋይል ያወጣላችኋል። ፖድጌት ደግሞ «ኢምፖርት ኦፒኤምኤል» የሚል አማራጭ አለው። ፋይሉን ስትሰጡት ፊዶቹን ዝርዝራችሁ ላይ ይጨምራል። ከዚያ ምድቦቹን እንደፈለጋችሁ ታስተካክላላችሁ።

በእጅ መሞከር

በአንድ ፊድ ብቻ ጀምሩ። ተርሚናል ላይ «ፖድጌት» ብላችሁ ከኋላው ክፍት ቦታና «-ቪ» ጨምሩ፤ የሚያደርገውን እየነገራችሁ ይሠራል። ካበቃ በኋላ ፎልደሩን ከፍታችሁ ድምፁን አጫውቱት። ከዚያ ወዲያው ደግማችሁ አስነሱት። በሁለተኛው ዙር ምንም ካላወረደ መዝገቡ በትክክል እየሠራ ነው። ደግሞ ካወረደ ግን ወደ ቀጣዩ ደረጃ አትለፉ፤ «ፎርስ» የሚለው ማስተካከያ 0 መሆኑን አረጋግጡ።

ሰዓቱን ለክሮን መስጠት

ክሮን በተወሰነ ሰዓት ትዕዛዝ የሚያስነሳ የሊነክስ አገልግሎት ነው። ተርሚናል ላይ «ክሮንታብ -ኢ» ስትሉ ባዶ ወይም ማብራሪያ ብቻ ያለው ፋይል ይከፈታል። መጨረሻው ላይ አንድ መስመር ትጨምራላችሁ። አጀማመሩ እንዲህ ነው፦

0 2 * * *

ከግራ ወደ ቀኝ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወር፣ የሳምንቱ ቀን ናቸው። ኮከብ «ሁልጊዜ» ማለት ነው። ከአምስቱ በኋላ ክፍት ቦታ ትታችሁ የፖድጌትን ሙሉ አድራሻ ጻፉ፤ «ዊች ፖድጌት» ብትሉ ተርሚናሉ ይነግራችኋል።

ክሮን በእኛ ሰዓት አይቆጥርም። ከላይ ያለው 2 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት እንዲሠራ ከፈለጋችሁ 21፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከሆነ 5 ትጽፋላችሁ። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል የምትገዙ ሰዎች በተለይ ይህን ሁለቴ አስሉ። ቀን 8 ሰዓት ላይ አስነስታችሁት ሌሊት መስሏችሁ እንዳትቀሩ። ስክሪፕቱን ውጭ አገር በተከራያችሁት ሰርቨር ላይ ካደረጋችሁትም የሰርቨሩን ሰዓት ተመልከቱ። አዲስ አበባ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ትቀድማለች፤ ስለዚህ በዓለም አቀፉ ሰዓት 23 የተባለው እኛ ጋ ከሌሊቱ 8 ነው።

ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ወይም ተኝቶ ከነበረ ክሮን ያመለጠውን ሰዓት አያካክስም። ላፕቶፕ የምትዘጉ ከሆነ የምትነቁበትን ወይም ሥራ የምትጀምሩበትን ሰዓት ምረጡ። ወይም አናክሮን የሚባለውን ተጠቀሙ፤ እሱ ያለፈውን ማሽኑ ሲነሳ ይሠራል። በደብሊው ኤስ ኤል የምትሠሩ ደግሞ የዊንዶውሱ ታስክ ስኬጁለር ይሻላችኋል።

በቀን አንዴ በቂ ነው። በየአምስት ደቂቃው ፊድ መጠየቅ ለእናንተ ምንም አይጨምርም፣ የአዘጋጁን ሰርቨር ግን ያስቸግራል።

ዜናና ረጅም ወግ ሲለያዩ

የዕለት ዜና በሦስት ቀን ያረጃል። የታሪክ ወይም የቃለ ምልልስ ፖድካስት ወር ቢቀመጥም አይጎዳም። ለሁለቱ አንድ ሕግ ማውጣት አይመችም፤ እዚህ ላይ ነው የፖድጌት አሠራር የሚያኮራው። ፖድጌትአርሲን ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ስም ስጡት። በውስጡ የራሱ የዝርዝር ፋይል፣ የራሱ ፎልደር፣ የራሱ የቀን ገደብ ይኑረው። ስታስነሱት «-ሲ» ብላችሁ የአዲሱን ፋይል ስም ትጠሩለታላችሁ። ክሮን ላይም ሁለት መስመር ይሆናል፦ ዜናው በየሌሊቱ፣ ረጅሙ በሳምንት አንዴ። የመጨረሻውን ኮከብ 0 ካደረጋችሁት እሑድ ብቻ ይሠራል።

እንቢ ሲል

አንዳንድ አዘጋጅ ለሁሉም ክፍል አንድ ዓይነት የፋይል ስም ይሰጣል። ስክሪፕቱ ስሙን አይቶ «ይህንን አውርጃለሁ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ለዚያ ፊድ ብቻ በመስመሩ መጨረሻ ላይ ልዩ አማራጭ ይጨመራል። «ኮንተንት ዲስፖዚሽን» የሚለው ሰርቨሩ የሚሰጠውን ትክክለኛ ስም እንዲጠቀም ያደርገዋል። አጻጻፉ ሰርቨርሊስት መግቢያ ላይ ባለው ማብራሪያ ውስጥ አለ።

አንድ ፖድካስት ድንገት ዝም ካለ የፊዱን አድራሻ ብራውዘር ላይ ክፈቱት። ገጹ የለም ካለ ፖድካስቱ ቤት ቀይሯል፤ በስሙ እንደገና ፈልጋችሁ አዲሱን አድራሻ ተኩ። ከተከፈተና አዲስ ክፍል ከሌለበት አዘጋጁ አርፏል ማለት ነው። መስመሩን አትሰርዙት፣ በ# ዝጉትና ከወር በኋላ ተመልሳችሁ እዩት።