ወፍራም የጦርነት ታሪክ መጽሐፍ ሳይሰለቹ ለመጨረስ (ለድሬ ልጆች)

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስለነበረው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለ ቸርችልና የጀርመን አውሮፕላኖች ስላደረሱት የለንደን ድብደባ የሚተርክ ወፍራም መጽሐፍ ጀምራችሁ ሃምሳ ገጽ ላይ የቆማችሁ ድሬዎች፣ አቦ ተስፋ አትቁረጡ፣ አነባበቡን መቀየር ነው።

ሰዓት ምረጡ። ቀትር ላይ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ሲተኛ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር አሪፍ ነው፣ በርጫ ላይ ግን አልመክርም፣ መቶ ገጽ ትጨርሱና ማታ አንድ ስም ትዝ አይላችሁም።

ደብተር ያዙና ቀኖቹን ወደኛ አቆጣጠር ቀይሩ፣ ከጃንዋሪ እስከ እንቁጣጣሽ ከነሱ ዓመት 8 ቀንሱ፣ ከዛ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7። ለምን መሰላችሁ፣ ዋናው ድብደባ የጀመረው ጳጉሜ 2 ቀን 1932 ነው፣ ለንደን 57 ሌሊት በተከታታይ ተደበደበች፣ የመጨረሻው ከባድ ሌሊት ደግሞ ግንቦት 2 ቀን 1933፣ ጃንሆይ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ከገቡ ገና ሳምንት አልሞላም። ድሬ ራሷ ከጣልያን እጅ የወጣችው በዛው ዓመት መጋቢት 20 ነው፣ ሐረር ደግሞ በ1928 በዛችው መጋቢት 20 በጣልያን አውሮፕላን ተደብድባለች። ጎን ለጎን ስትጽፉት የፈረንጅ ወሬ መምሰሉ ይቀራል።

የቸርችል ንግግሮች ላይ ብዙ አትቆዩ። ሰውየው አፈኛ ነው ያው ይታወቃል፣ እኔ የማሰምረው ግን ህዝቡ መሪዎቹን ያስገደደበት ቦታ ላይ ነው። ለምሳሌ መንግስት መጀመሪያ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎቹ መጠለያ እንዲሆኑ አልፈለገም ነበር፣ ሰዉ ምን አደረገ፣ ትኬት ቆርጦ ገባና አልወጣም አለ፣ በቃ መንግስት ተሸንፎ አልጋና ሽንት ቤት ማስገባት ጀመረ። የጓዳውንም ነገር መዝግቡ፣ ከ1932 ሐምሌ አካባቢ ጀምሮ ሻይ ቅጠል በሳምንት ለአንድ ሰው 56 ግራም ገደማ ነበር፣ እኛ ሰፈር ቢታወጅ ምን እንደሚፈጠር አስቡት እንግዲህ።

አንድ ሰው እንዲህ አለ ሲባል ከየት እንደተወሰደ ከመጽሐፉ መጨረሻ ማስታወሻውን እዩ። የዛኑ ሌሊት የተጻፈ ዲያሪ ከሆነ ፍርሃቱ እንዳለ ነው፣ ከጦርነቱ በኋላ የተጻፈ ትዝታ ከሆነ ግን ጸሐፊው ማን እንዳሸነፈ አውቆ ነው የጻፈው፣ ቸርችልም ራሱ ስድስት ቅጽ ጽፏል፣ እሱን በተለይ ተጠንቅቃችሁ።

የሚኒስትሮቹ ሽኩቻ ከደበራችሁ ዝለሉት፣ ስማቸው ኋላ ሲመጣ ተመልሳችሁ ታነቡታላችሁ።