ከቴሌግራሙ በፊት የስም ዝርዝሩ
ደሴ ላላችሁ የማኅበር አባላት አንድ ምክር አለኝ። መጋቢት 2012 ኮሮና አገራችን ሲገባ እንዳየነው፣ መሰብሰብ ሲቀር ቶሎ የሚታሰበው የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ጥሩ ነው፣ ክፈቱ። ግን ከሱ በፊት የጽዋ ማኅበሩን መዝገብ አውጡ። ማን ስማርት ስልክ አለው? ማን ተራ ስልክ ብቻ ይዟል? ማን ጨርሶ የለውም? ምልክት አድርጉበት።

ተራ ስልክ ለያዙት እናቶችና አባቶች ደዋይ መድቡላቸው። አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት አራት ወይም አምስት ሰው ይያዝ፤ ከዚያ በላይ ከሆነበት ይሰለቻል። ሆጤ ሰፈር ያሉትን የሆጤ ልጅ ቢይዛቸው ይሻላል፣ ስልክ ካላነሱ በሩ ድረስ ሄዶ ያያቸዋል። ሰዓቱ የታወቀ ይሁን፣ ስልካቸውን ቻርጅ አድርገው እንዲጠብቁ። መጀመሪያ ጤናቸውን ይጠይቅ፤ መድኃኒት አልቆባቸው ይሆን? ዘይትና ዱቄትስ አላቸው? ከዚያ የዕለቱን ወንጌል ረጋ ብሎ ያንብብላቸው። ማውራት ከፈለጉ ያውሩ፣ አያቋርጣቸው። ብዙዎቹ የሚናፍቁት ይህንኑ ነው።

ስልክ ለሌላቸው ጎረቤት ለምኑ። ሙስሊም ጎረቤትም ቢሆን ያው የወሎ ሰው ነው፤ ደጃፍ ላይ ራቅ ብሎ ቆሞ ስልኩን ላውድ ያደርግላቸዋል።

ስብከቱን በቪዲዮ ሳይሆን በድምፅ ላኩ፣ ዳታ ይቆጥባል። 10 ደቂቃ ይበቃል። የደዋዮቹን የካርድ ወጪ ደግሞ ማኅበሩ ይሸፍን።