ትራይተን የምትባለውን የሸራ ጀልባ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፒርሰን ትራይተን እ.ኤ.አ. በ1959 ኒው ዮርክ የጀልባ ትርኢት ላይ ቀረበች። ንድፏን ያወጣው የስዊድን ተወላጁ ካርል አልበርግ ነው። አሜሪካ፣ ሮድ አይላንድ ግዛት፣ ብሪስቶል ውስጥ ክሊንተንና ኤቨረት ፒርሰን የሚባሉ የአክስትና የአጎት ልጆች ሠሯት። ወደ 700 ገደማ ተሠርተዋል። ዛሬም በርካሽ ትገኛለች፤ ብዙ ገዢ ግን በዘንድሮ ጀልባ ዓይን እያያት ይሳሳታል።

በርዝመቷ መገመት። ከጫፍ እስከ ጫፍ 8.6 ሜትር ገደማ ናት። ውሃው ላይ የሚያርፈው ግን 6.2 ሜትር ያህሉ ብቻ ነው። አፍንጫዋና ጀርባዋ ከውሃው በላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ወርዷም 2.5 ሜትር ነው። ስለዚህ ሰፊ ክፍል አይጠብቁ። ፍጥነቷም ከ6 ኖት፣ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ብዙም አያልፍም።

ስታጋድል መደንገጥ። ጠባብ ስለሆነች ቀለል ባለ ነፋስም ቶሎ ታጋድላለች። ልትገለበጥ ነው ብለው አይፍሩ። ከሆዷ ሥር 1,300 ኪሎ የሚያልፍ ክብደት አለ፤ ጥቂት ካጋደለች በኋላ እሱ ይይዛታል። ያ የተንጠለጠለው ጫፏም ውሃ ስለሚነካ የውሃ ላይ ርዝመቷ ይጨምራል። አልበርግ አስቦበት ነው። መሪው እጅ ላይ ከከበደ ግን ሸራው በዝቷል ማለት ነው፤ መጀመሪያ ዋናውን ሸራ ያሳንሱ።

በሞተር ወደ ኋላ ሲሄዱ መታዘዝን መጠበቅ። ኪሏ፣ ማለትም ከሆዷ ሥር ወደ ታች የወጣው ክንፍ፣ ረጅም ነው፣ መሪዋም ኪሉ ላይ ተያይዟል። ወደ ኋላ እንደ ልብ አትዞርም። ወደብ ውስጥ ቀስ ይበሉ።

ጠንካራ አካሏን አይቶ ወለሏን መርሳት። በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው፤ ብዙ ጥሩ ጀልባ በዚህ ሰበብ ይጣላል። ዋናው አካሏ ወፍራም ፋይበርግላስ ነው። ሮድ አይላንድ የተሠሩት ላይ፣ ከላይ የምንረግጠው ወለል ግን እንደ ሳንዱች ነው፤ በሁለት ስስ ፋይበርግላስ መሃል ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት አለ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ላይኛው ክፍል ሳይከብድ ይጠነክራል። ጉዳቱ የሚመጣው በብሎን ቀዳዳዎች ነው። ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ይገባል፣ እንጨቱም ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል፣ ከላይ ምንም ሳይታይ።

ከመግዛትዎ በፊት በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ ሁሉንም ቦታ ያንኳኩ። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው የታፈነ። በብሎኑ ዙሪያ ሲሊኮን ቀብቶ ማለፍም ሌላ ስህተት ነው፤ የገባውን ውሃ እዚያው ቆልፎ ያስቀረዋል። ብሎኑን ይንቀሉ፣ ቀዳዳውን ያስፉ፣ የረጠበውን እንጨት አውጥተው ያድርቁ፣ ሲደርቅ በሚጠነክር ኢፖክሲ በሚባል ሙጫ ይሙሉ። ሲደርቅ መሃሉን እንደገና ይብሱት። ከዚያ በኋላ ውሃ ቢገባም የሚያገኘው ኢፖክሲ ብቻ ነው።

የላላ የምሰሶ ሽቦን ዝም ብሎ ማጥበቅ። ሸራውን የሚሸከመው የትራይተን ምሰሶ የሚቆመው ወለሉ ላይ ነው፤ ከሥር አግዳሚ ተሸካሚ አለው። ተሸካሚው ሲደክም ምሰሶው ዝቅ ይላል፣ የያዙት ሽቦዎችም ይላላሉ። ሽቦውን ባጠበቁ ቁጥር ምሰሶውን ይበልጥ ወደ ታች ይጫኑታል። በምሰሶው ዙሪያ ወለሉ ጎድጎድ ማለቱን ይዩ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው የመጸዳጃ ቤቱን በር ይዝጉ። በሩ ከላይ ከያዘ፣ ከሽቦው በፊት ተሸካሚው ይጠገን።