ኳድራቲክ ፋክተራይዝ ማድረግ፦ ከሸ² ፊት ቁጥር ሲኖር

ሸ² + 7ሸ + 12ን ፋክተራይዝ ማድረግ፣ ማለትም የሁለት ቅንፎች ብዜት አድርጎ መጻፍ፣ ብዙ ሰው አያስቸግርም። ተባዝተው 12፣ ተደምረው 7 የሚሆኑት 3 እና 4 ናቸው፤ መልሱ (ሸ + 3)(ሸ + 4)። ጭንቁ የሚጀምረው ከሸ² ፊት ቁጥር ሲመጣ ነው። 6ሸ² + ሸ − 12ን ይዘን እንሥራው።

ከሁሉ በፊት፣ ሦስቱንም የሚያካፍል ቁጥር ካለ አውጡ። 12ሸ² + 2ሸ − 24 ቢሰጣችሁ፣ 2ን ከቅንፍ ውጭ ስታደርጉ የሚቀረው ይኸው የኛ ጥያቄ ነው።

ቀጥሎ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቁጥር አባዙ፤ 6 × −12 = −72። አሁን የምንፈልገው ተባዝተው −72፣ ተደምረው 1 የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮችን ነው። ለምን −12 ብቻ አይበቃም? ክፍል ውስጥ «ሚድል ተርሙን ስፕሊት አድርጉ» (መሃለኛውን ለሁለት ክፈሉ) ይባል ነበር እንጂ ምክንያቱን የነገረን አልነበረም። መልሱን ቀድመን እንየው፦ (2ሸ + 3)(3ሸ − 4)። ሲባዛ መሃል ላይ 9ሸ እና −8ሸ ይመጣሉ። 9 የ3 እና የ3 ብዜት ነው፤ −8 የ2 እና የ−4። 9ን በ−8 ስናባዛ በቅንፎቹ ውስጥ ያሉት አራቱም ቁጥሮች ይገባሉ። 6ን እና −12ን የሠሩትም እነዚያው አራቱ ናቸው። ስለዚህ ብዜቱ የግድ −72 ነው። እኔ ይህ ሲገባኝ ነው መሸምደድ የተውኩት።

ጥንዶቹን ወረቀት ላይ ደርድሩ፦ 1 እና 72፣ 2 እና 36፣ 3 እና 24፣ 4 እና 18፣ 6 እና 12፣ 8 እና 9። ብዜቱ ማይነስ ስለሆነ አንዱ ማይነስ ይሆናል፤ ልዩነታቸው 1 የሆነው 8 እና 9 ነው። ድምሩ ፖዘቲቭ ስለሆነ ትልቁ ፖዘቲቭ ይሁን፤ 9 እና −8።

መሃለኛውን ከፍላችሁ ጻፉ፦ 6ሸ² + 9ሸ − 8ሸ − 12። ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 3ሸ ይወጣል፤ 3ሸ(2ሸ + 3)።

አሁን ቀስ በሉ። ከ−8ሸ − 12 ላይ −4 ሲወጣ ውስጥ የሚቀረው 2ሸ + 3 ነው፤ ማይነሱ ከ4 ጋር ስለወጣ ውስጥ ያለው ምልክት ይገለበጣል። እኔ 10ኛ ክፍል ፈተና ላይ −4(2ሸ − 3) ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱ ቅንፎች አልገጥም ሲሉኝ ስህተቱ ጥንዱ ላይ መሰለኝ፤ ትክክለኛውን 9 እና −8 ሰርዤ እንደገና ጥንድ ስፈልግ ሰዓቱ አለቀ። ቅንፎቹ ካልገጠሙ መጀመሪያ የምታዩት ጥንዱን ሳይሆን ይህችን ምልክት ይሁን። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ −4 × 3 ወደ −12 ይመልሳችኋል፤ −4 × −3 ግን 12 ነው።

የጋራውን ቅንፍ ስታወጡ (2ሸ + 3)(3ሸ − 4) ይሆናል። መልሳችሁ አባዙና አመሳክሩ። ፎቶ አንስቶ የሚሠራውን የስልክ አፕ ከዚህ በኋላ ብቻ ክፈቱ፤ ቀድሞ ከተከፈተ እጃችሁ ምንም አይለምድም።

ጥንድ ከጠፋችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትድከሙ። የመሃለኛውን ቁጥር ስኩዌር አድርጋችሁ (በራሱ አባዝታችሁ) የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ብዜት 4 እጥፍ ቀንሱ፤ ውጤቱ የሙሉ ቁጥር ስኩዌር ከሆነ ጥንድ አለ። በኛው ጥያቄ 1 − 4 × (−72) = 1 + 288 = 289 ነው፤ 17 በ17፣ ስለዚህ ይከፈላል። 6ሸ² + ሸ − 11 ቢሆን 265 ይመጣል፤ 265 የማንም ሙሉ ቁጥር ስኩዌር ስላልሆነ በሙሉ ቁጥር የሚሆን ጥንድ የለውም።